ንገረኝና እጠጣለሁ

ባለፈው ቅዳሜ አሶሳ ገበያ ውስጥ የሰው ዕቃ ረገጥኩ። አንዲት ወጣት መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ የደረደረችው ሥር ነበር። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ልጄ ሐያት መነጽር ገዝታልኛለች፣ ገበያ ግን አድርጌው አልወጣም፤ መነጽር ያደረገች አሮጊት ሲያዩ ዋጋ የሚጨምሩ ይመስለኛል። የከርከዴውን ቀይ ክምር አልፌ፣ የማንጎ ሻጮቹን ጥሪ ሰምቼ እንደ ልማዴ ተነጫንጬ፣ እኔ ልጅ ሆኜ እኮ በስሙኒ አንድ ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ይሰጡን ነበር፣ ቅርጫቱን ብቻ ነበር መመለስ ያለብን፣ ይህን እያሰብኩ ስራመድ እግሬ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ይቅርታ ልል ጎንበስ ስል ሽታው መጣ። እርጥብ አፈር ላይ የሎሚ ልጣጭ የተጨመቀበት ዓይነት ሽታ ነው፣ ቆየት ብሎ ጉሮሮ የሚይዝ። እዚያው ማዳበሪያው ዳር ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ምነው፣ አመመዎት?» አለችኝ ልጅቷ። አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው፣ ጥርት ያለ። በቢጫ ሻርፕ ተሸፋፍናለች።

«አላመመኝም። ይህ ሥር ምንድን ነው?»

«ለትኩሳት ነው። ለሆድም ይሆናል። የእኛ የበርታዎች ነው።»

«ማን አሳየሽ?»

«አያቴ። እሷ አሁን መቆፈር አትችልም፤ እኔ ነኝ የምቆፍረው።»

«አያትሽ ማን ይባላሉ?»

«ሃዋ።»

ሃዋ የሚባል ሴት በዚህ አገር ስንት አለ። ሰፈሯን ስጠይቃት ግን ያቺው ሆነች፤ ከሰፈራ አምባችን ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ ትልልቆቹ የማንጎ ዛፎች ያሉበት። የሃዋን ስም ከአፌ ካወጣሁት አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔም ያወጣሁት ለእርግማን ነበር።

እኛ የወሎ ሰዎች ነን። ወደዚህ የመጣነው ዝናብ አገራችንን በረሳበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልክ መናገር የሚወዱ አሉ፤ እኔ የማስታውሰው አሥራ ሁለት ዓመቴ እንደነበርና ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ እንደተገዛልኝ ነው። አቧራ እንዳይነካው አውልቄ ሦስት ቀን ሙሉ አውቶብስ ውስጥ ታቅፌው መጣሁ፤ ስንደርስ እግሬ አብጦ አልገባ አለኝና አለቀስኩ። ሌላው ሰው ድስቱን፣ ዘነዘናውን፣ ዶሮውን ሲያቅፍ አባቴ ሙሄ ያቀፈው አንድ ቅል ነበር። አፉ በሰም የተደፈነ፣ ወገቡ በጠፍር የታሰረ ትልቅ ቅል። አባቴ መድኃኒት አዋቂ ነው። ከአባቱ የወረሰው፣ አባቱም ከአባቱ የወረሰው የደረቀ ሥርና ቅጠል ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው እንኳን ሁለት እጁ ከቅሉ ላይ አይነሳም፤ እናቴ ዘይነብ «እኔን እንዲህ አቅፈኸኝ ብትሄድ አውቶብስ ባላስፈለገን» እያለች ታስቀን ነበር። እናቴ ያን ጊዜ ሳቂታ ነበረች።

በአገራችን ወግ መድኃኒት አዋቂ የሚቆርጠውን ነገር ስም አይናገርም። ለታካሚውም፣ ለሚስቱም። ከተነገረ ይረክሳል ይባላል። ረቡዕና ዓርብ ጎህ ሲቀድ አፉን ሳይፈታ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ሰላም ቢሉት አይመልስም፣ ከመለሰ የዚያ ቀን ድካሙ ከንቱ ነው። የቆረጠውን የሰው ዓይን እንዳያርፍበት በልብሱ ሸፍኖ ይመለሳል፣ ወቅጦ መልኩን እስኪያጠፋው ድረስም አይገልጠውም። ይህን በእኛ መንደር የማያውቅ አልነበረም። አባቴ በጠዋት አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ያየ ሰው ራሱ ዳር ይዞ ያሳልፈው ነበር እንጂ ለምን ዘጋኸኝ የሚል አልነበረም። ለስሙ ወራሽ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ግን ሴት ነኝ፤ ሴት ታገባለች፣ መድኃኒቱን ሰው ቤት ይዛ ትሄዳለች። ይህንን የነገረኝ በፍቅር ነው፣ ፀጉሬን እየዳበሰ።

አምባው እንደደረስን አባቴ አንድ ንግግር ተናገረ። ቤታችንን ያፈረሰው ያ ንግግር ነው እላለሁ እኔ። ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው፣ አንዱ ያንዱን ስም ገና አልያዘም፣ የቆርቆሮ ቤቶቹ በመስመር ተደርድረዋል፣ ሙቀቱ ሌላ፣ ትንኙ ሌላ፣ በሳምንቱ ሦስት ሕፃን ንዳድ ጥሎብናል። ሰው ፈርቷል። አባቴ መሐል ቆመና ቅሉን ከፍ አድርጎ አሳየ። «የዚህ አገር ቅጠል ሙቀት የበላው ነው፣ እንዳትነኩት» አለ። «የሚያስፈልገን ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ለልጅ ልጅ ይበቃል።» ሰዉ ዱዓ አደረገ፣ ክርስቲያኖቹም አማተቡ፣ አባቴም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሙሄ ባለቅሉ» ሆነ። ቅሉን የቤታችን ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ከየቤቱ የታመመ ሰው ያለው እየመጣ መጀመሪያ ቀና ብሎ ቅሉን ያይና ነበር ሰላምታ የሚሰጠን።

የዚያን ዘመን ኑሮ ስናገር ሐያት «እማ፣ እንዴት ቻላችሁት?» ትለኛለች። ቻልነው። ጠዋት ጠዋት ከዋርካው ላይ የተንጠለጠለች የትራክተር ዲስክ በብረት ትመታለች፣ ሁላችንም ወጥተን እንሰለፋለን፣ ስም ይጠራል፣ ማሽላና በቆሎ ወዳለበት እንሄዳለን። ካኪ የለበሱት ሰዎች መዝሙር ያስተምሩናል፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ዜማውን ይዘን ግጥሙን ስለ ማንጎና ስለ ትንኝ እንለውጠዋለን፣ እነሱ ከሩቅ ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል። የቴትረን ቀሚስ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ቅዳሜ አሶሳ ወርደን ከኩርሙክ በኩል የሚመጣውን የሱዳን ጨርቅ በእጃችን እየዳሰስን እንመለሳለን፤ ልብስ ስፌት ያስጀመረኝ ያ ዳሰሳ ነው፣ ኋላ በዚያው እንጀራዬን በላሁ። አሁን ሐያት ስልኳን ከፍታ ካሉበት ያመጡልኛል ትላለች፣ ጨርቁን ሳትዳስሰው። ሲመጣ እጅጌው አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፤ የማስተካክለው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ክረምት ንዳድ እኔንም ያዘኝ። የማስታውሰው ጥርሴ ሲንገጫገጭና አባቴ አረንጓዴዋን የቆርቆሮ ኩባያ አፌ ላይ ሲያስጠጋልኝ ነው። ውስጧ ያለው ያ ሽታ ነበረው፤ እርጥብ አፈር፣ የሎሚ ልጣጭ። በሦስተኛው ቀን ተነስቼ በቆሎ እሸት አማረኝ። እናቴ ለቅሉ እጇን ዘርግታ «አላህ የባረከው» አለች፣ አባቴ ግን ቀና ብሎ አላየውም። ሐያት ነርስ ናት፤ ይህን ስነግራት «ወባ እኮ አንዳንዴ ራሱ ፋታ ይሰጣል» ትለኛለች። ይሆናል። እሷ በመርፌና በኪኒን ስንት ሰው እንዳተረፈች በዓይኔ አይቻለሁ፣ አልከራከራትም። ያን ጊዜ ግን አባቴን ያከበረው ያ የእኔ መነሳት ነው። ከዚያ በኋላ የአምባው በሽተኛ ሁሉ ከዚያች ኩባያ ጠጣ።

ከዚያው ክረምት ጀምሮ አባቴ በጠዋት መውጣት ጀመረ። ረቡዕና ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቡልኮውን ተከናንቦ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሌላ ቦታ ቢሆን ሥር ሊምስ ነው ይባል ነበር። እዚህ ግን የዚህ አገር ቅጠል አይረባም ያለው እሱ ራሱ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ቅሉ ውስጥ አለ። ታዲያ ወዴት ነው? ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች ውሃ ስትቀዳ ታገኘዋለች። «ሙሄ፣ እንደምን አደርክ?» ስትለው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው እናቴ ዘንድ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዘይኔ እህቴ፣ የሚያፍር ሰው ነው እንዲያ የሚያልፍ። ከማዶ አንዲት ጥቁር ቆንጆ በርታ አለች፣ እሱ ወደዚያ ነው የሚሻገር» አለቻት። እኔ ደጃፍ ላይ ማሽላ እፈለፍል ነበር፣ ሰምቻለሁ። እናቴ ሳቀች፣ ተዋበችን ሳቀችባት፣ «ሂጂ ወዲያ፣ ሙሄ ከቅሉ ሌላ ቆንጆ አያውቅም» አለቻት።

ያን ቀን ማታ ግን የጨው ዕቃችንን አወረደች። በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር ጨው የምናስቀምጠው፤ ያን ጊዜ ጨው በስፍር ነው የሚታደለን፣ ከሥጋ የበለጠ ይከበራል። ከውስጥ በኩል በከሰል ጫፍ መስመር አሰመረችበት። ረቡዕ ጠዋት ጨው ከመስመሩ ወረደ። ዓርብም ወረደ። «ጨዋችን እግር አውጥቷል» አለችኝ፣ ድምጿ ውስጥ ሳቅ አልነበረበትም። በሌላ ዓርብ ነጠላዋን ተከናንባ ተከተለችው። ስትመለስ ፀሐይ ወጥቷል፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጤዛ ርሷል። እኔ ምን አየሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ራሷ ናት የነገረችኝ፣ አንድ ቃል ብቻ። «ስቋል» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ «ወንዙ ዳር አብረው ተቀምጠው፣ እሷ አንድ ነገር ስትለው፣ ሳቀ። እዚህ አገር ከመጣን ከእኔ ጋር ስቆ ያውቃል?»

ልጅ ብሆንም መልሱን አውቅ ነበር። አባቴ አሶሳ ከገባን ወዲህ አልሳቀም። እንደ ድሮው ቀና ብሎም አይሄድም። ያኔ የመሰለኝ ሌላ ነው፤ ዛሬ ሳስበው ግን ያ ሰው አንድ ትልቅ ውሸት ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ የሚተኛ ሰው ነበር። እናቴ ምንም አላለችውም። ልብሱን ታጥባለች፣ ምግቡን ታቀርባለች፣ «ቢስሚላህ በል» ትለዋለች፤ ስትወቅጥ የምታዜመው ዜማ ግን ቆመ። ዘነዘናው ብቻ ይሰማል። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ፣ እኔ ቁመቴ እሷን ደረሰ፣ ሁለታችንም ረቡዕና ዓርብ ጠዋት እንደ ነቃን እየተዋወቅን የተኛን መስለን እናዳምጠዋለን፣ በሩ ሲጢጥ ብሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወንዝ ማዶ ያለችውን ሴት ሳላያት ጠላኋት። ስሟን የሰማሁት ከተዋበች ነው።

እናቴ የታመመችው እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ንዳድ አልነበረም፤ ሆዷ አበጠ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የክሊኒኩ ድሬሰር አይቷት ወደ ከተማ ትሂድ አለ፣ ግን ክረምት ነበር፣ መንገዱ ተቆርጧል፣ መኪና እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን። አባቴ በዝናብ ወጣ። ቀኑ ረቡዕም ዓርብም አልነበረም። እስከ ረፋድ አልተመለሰም፤ ሲመጣ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ቡልኮው ሥር የያዘውን ጓሮ ወስዶ ወቅጦ፣ አፍልቶ፣ በአረንጓዴዋ ኩባያ ይዞ ገባ። ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። እናቴ መደብ ላይ ነበረች፣ እኔ ከእግሯ ሥር።

«ከየት አመጣኸው?» አለችው።

«ከቅሉ ነው።»

«ቅሉ ባዶ ነው። አውርጄ አይቼዋለሁ። ካየሁት ሦስት ዓመቴ ነው።»

አባቴ ኩባያውን እንደያዘ ቆመ። ከኩባያው እንፋሎት ይወጣል። «ጠጪውና ከዚያ እነግርሻለሁ» አለ። «አሁን ከተናገርኩ ይረክሳል። ታውቂያለሽ እኮ፣ ዘይኔ።»

«ንገረኝና እጠጣለሁ።»

«ለአላህ ብለሽ።»

«የእሷ እጅ አለበት?»

ኩባያውን አስጠጋላት። ያንን እንደ መልስ ወሰደችው፤ እውነትም መልስ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባቴ መድኃኒቱ እስኪበርድ ድረስ ቆመ። ከዚያም በኋላ ቆመ። እኔ ያን ጊዜ ኩባያውን ተቀብዬው «እማ፣ በእኔ እጅ ጠጪው» ብላት ትጠጣ እንደሆነ አላውቅም፤ ይህን ሳስብ ነው የምኖረው። አላልኳትም። ከእናቴ ጋር አብሬ ተናድጄ ነበርና። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ፊቷ እንደዞረ ነው የሞተችው፤ የገነዟት ሴቶች ናቸው ወደ እኛ የመለሱት።

ሐያት ያ ሥር ለጉበት ምንም አይፈይድም ነበር ትላለች። እኔም ያድናት ነበር አልልም። የሚያቃጥለኝ እሱ አይደለም።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን በርታዎቹ ሴቶች ከማዶ መጡ። በእነሱ ወግ ሐዘን ቤት ባዶ እጅ አይመጣም፤ ሁሉም የቀርከሃ ቅርጫት ተሸክመዋል። መሐላቸው ረዘም ያለች፣ ጥቁር፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ አለች። ተዋበች በክርኗ ነካችኝ። ተነስቼ ደጃፉ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። «ሃዋ የምትባዪው አንቺ ነሽ? የመጣሽበት ተመለሺ። እናቴን የገደልሻት አንቺ ነሽ» አልኳት፣ ሌላም ብዙ አልኳት፣ ዛሬ ለመጻፍ የማፍረውን። አማርኛ አታውቅም፤ እጄን ግን አወቀችው። ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። እኔ ውስጡን ሳላይ ቅርጫቱን ከነያዘው ኩይሳው ላይ ወረወርኩት። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ አይቷል።

ከዚያ በኋላ አባቴ በጠዋት አልወጣም። ሰው «መድኃኒት» ሲለው «ቅሉ አልቋል፣ ክሊኒክ ሂድ» ይላል። አንድ ነገር ግን ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል፣ ሕፃኑን፣ ሽማግሌውን፣ ተዋበችን፣ «እንደምን አደርሽ፣ ልጆችሽስ፣ ራስ ምታትሽስ» እያለ አያስኬዳትም። ሰው ጃጀ አለው። አንድ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ «ሰዓዳ፣ ያቺ ሴትዮ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ጨርቄን ሰብስቤ ወጣሁ። ሁለተኛ አልሞከረም። ሲሞት ቅሉን አወረድኩት፤ ውስጡ የምስጥ አፈር ነበር፣ ሌላ ምንም። የዚህ አገር ምስጥ የቤት ምሰሶ ይበላል፣ ደረቅ ሥር ምኑ ነው። በዚያው ዓመት የአምባውን ባለትራክተር አግብቼ ፓዌ ወረድኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሰፋ ኖርኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ አገሩ ሲታወክ ሐያት መጥታ አሶሳ አመጣችኝ፤ ይኸው ሁለት ዓመቴ።

ቅዳሜ ከገበያው በቀጥታ ከልጅቷ ጋር ሄድኩ። ስሟ አሚና ነው። በባጃጅ እስከ አምባው፣ ከዚያ በእግር። ወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቷል። አምባው ውስጥ ዲስኳ የምትንጠለጠልበት ዋርካ የለም፣ የቆርቆሮ ቤታችንም የለም። ሃዋ ማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ጠፍቷል። አሁን አማርኛ ትችላለች፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲገቡ ለመደችው፤ ለሴትም ለወንድም «አንተ» ነው የምትለው።

«የሙሄ ልጅ ነኝ» አልኳት።

እጄን ያዘች፣ ወደ ላይ ክንዴን ዳበሰች። «አንተ ነህ ትኩሳት የነበረህ? ትንሹ?»

«እኔ ነኝ። በለቅሶ ከደጅ የመለስኩዎትም እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቅርጫቴን አልመለስክም። ደህና ቅርጫት ነበር።» ሳቀች። አባቴን ወንዙ ዳር ያሳቀው ይህ ሳቅ መሆን አለበት። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፣ ከዚያ ደግሞ ማልቀስ ጀመርኩ።

ነገሩን የነገረችኝ በአጭሩ ነው። «አባትህ ወንዝ ዳር አለቀሰ። እኔ ውሃ ልቀዳ መጣ። በእጅ ነገረኝ፣ ልጅ ታሟል፣ ቅል ምስጥ በላው፣ ባዶ። እኔ ሥር ቆፈርኩ፣ ሰጠሁ። ልጅ ተነሳ። ከዚያ ሁልጊዜ መጣ። ሥሩ እርጥብ ነው የሚሆን፣ ደረቅ አይሆንም። ሰው በጣም ይፈልጋል አለ። እኔ ቆፈርኩ፣ እሱ ጨው አመጣ። እኔ ጨው አልፈልግም አልኩ፤ እሱ በነፃ አልወስድም አለ።»

«ለእናቴ ለምን አልነገራትም?»

«እኔ አልኩት። ሙሄ፣ ለሚስት ንገር፣ ሚስት ይምጣ፣ አብሮ ይቆፍር። እሱ፣ አይሆንም፣ ሥር ከተነገረ ይሞታል አለ። እኔ ሳቅኩ። እኛ ጋ ሥር በስሙ አይሞትም። ልጅ ሁሉ ያውቃል። ፍየል ያውቃል። እሱም ሳቀ።» ቆም አለች። «ግን አፈረ። ሰው ሁሉ ቅል፣ ቅል ይላል። ቅል ባዶ ነው ማለት አልቻለም።»

ይህን ሁሉ ዓመት ወራሽ ያልሆንኩት ሴት ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። የሚወረስ አልነበረም። አባቴ ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ከበርታ ሴት የተማረ መድኃኒተኛ መባል፣ ወይም በሚስቱ ላይ የሄደ ባል መባል። ሁለተኛውን መረጠ። ተዋበችን እንኳን ለወሬዋ ይቅር ብያታለሁ፤ የአባቴን ምርጫ ይቅር ማለት ግን ገና ነው የጀመርኩት። እናቴ ከዚያ ቅል ይልቅ ታንሳለች ማለት ነው? ተናድጃለሁ። አባቴን እወደዋለሁ፣ ተናድጃለሁም።

ሃዋ እጄን አልለቀቀችም። «እናትህ» አለችኝ፣ «መጨረሻ ቀን፣ ዝናብ ሆኖ፣ እኔ ነኝ የቆፈርኩ። አባትህ ዶማ መያዝ አልቻለም። ጥልቅ ቆፈርኩ፣ ትልቁን ሥር። እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እናትህ ጠጣ?»

መዋሸት ፈለግኩ። ዓይኗ አያይም፣ ዕድሜዋ ሄዷል፣ «ጠጥታለች» ብላት ማን ይጎዳል። ውሸት ግን በቤታችን በዝቷል።

«አልጠጣችም» አልኩ። «ንገረኝና እጠጣለሁ አለችው። አልነገራትም።»

አሚና ዕቃ ማጠቧን ትታ ታየናለች። ከዚያ ሃዋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና የሥሩን ስም ነገረችኝ። አንድ አጭር ስም ነው። እንድደግመው አድርጋ አረመችኝ፣ እንደገና አረመችኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ይረክሳል ብዬ አይደለም፤ ሐያትም የግፊት ኪኒን እየዋጥሽ ቀቅለሽ እንዳትጠጪ ብላ አስምላኛለች፣ ያነበበ ሁሉ ሐኪሙን ትቶ ዶማ እንዲያነሳም አልፈልግም። ግን ዋናው ምክንያት እሱም አይደለም። ስሙን መስማት የሚገባት አንድ ሰው ነበረች፣ ከእሷ ሌላ ለማንም መንገር አልፈለግኩም።

ረቡዕ ጠዋት ከአሚና ጋር ቆፈርን። ከቤት ስወጣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም አልኩ፣ የባጃጁን ልጅ፣ ዘበኛውን፣ ወተት አመላላሹን፣ ሁለት ጊዜ ሰላም ያልኩትም አለ። ሃዋ ቤት አፈላነው። አሚና በፔርሙስ ልታደርግልኝ ነበር፤ እኔ ግን ከቤት የቆርቆሮ ኩባያ ይዤ ነበር የሄድኩት። አረንጓዴ አይደለችም፣ አረንጓዴ ፈልጌ አጣሁ፤ ነጭ ናት። እያፈሰስኩ፣ እየተጠነቀቅኩ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ አምባው መቃብር ሄድኩ። የእናቴ ድንጋዮች ከቀርከሃው አጠገብ ናቸው፣ ሣር ሸፍኗቸዋል። በራስጌዋ በኩል ተቀመጥኩ።

«እማ» አልኳት፣ «ሴትዮዋ እውነት ነበረች፤ ሥር ትቆፍርለት ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። የሳቁት በወጋችን ላይ ነው፣ ሥር በስሙ ይሞታል በምንለው።» ከዚያ የሥሩን ስም ነገርኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሃዋ እንዳረመችኝ፣ ሦስት ጊዜ።

ኩባያውን ራስጌዋ ላይ ቀስ ብዬ አፈሰስኩት። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፣ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠብታም ሳይተርፍ ጠጣው።